ጎመን በጤና እንዲሆን፦ ከጉሊት እስከ ድስት ዝርዝር መመሪያ

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም አጋማሽ እናቴን ለደም ምርመራ ይዣት ሄድኩ። የልብ ቫልቭ ከተቀየረላት ሰባት ዓመት ሆኗታል። ደም እንዳይረጋባት በየቀኑ ዋርፋሪን ትወስዳለች። አይኤንአር የሚባለው የደም ቅጥነት ልኬት ለእሷ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ያን ቀን 1.6 ሆኖ መጣ።

ኪኒን አልዘለለችም። ሳጥኑን የምሞላላት እኔው ነኝ። ሐኪሟ ውጤቱን ደጋግማ አየችና "እማማ፣ ሰሞኑን የቀየሩት ምግብ አለ?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴም "ኧረ ምንም የለም ልጄ፤ ጾም አይደል፣ ጎመን ነው የምበላው" አለች።

ነገሩ እዚያው ላይ ነበር። በቀደሙት ዓመታት ጾሙን የምታሳልፈው በሽሮና በምስር ነው። ዘንድሮ ጨጓራዋ ስለተነሳባት በርበሬ ትታ፣ ጠዋትም ማታም ጎመን ሆነ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ሰባት ዓመት ስንመላለስ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የተናደድኩት። በእኛ አገር ሰው ምን እንደሚጾምና ምን እንደሚበላ ሳይጠየቅ እንዴት ይህ መድኃኒት ይሰጠዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጎመን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ገባኝ። ጎመን ድንቅ ምግብ ነው፤ ጉዳት የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ድንገት ሲቀየር ወይም አያያዛችን ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ከገበያ ጀምሬ እስከ ማዕዱ ድረስ ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ።

1ኛ፦ የትኛው ጎመን እንደሆነ ለዩ

ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ መልካቸው ቢራራቅም አንድ ዝርያ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ኦለራሲያ ነው። ገበሬዎች በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ አንዱን ለቅጠሉ፣ ሌላውን ለአበባው እየመረጡ አራቡት።

የሀበሻ ጎመን ግን ሌላ ነው። ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። የዚሁ የእኛ ደጋ ተክል ነው፤ የጥቅል ጎመን ወገን ከሰናፍጭ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ዝርያ ነው። ምጣድ የምናሰስበት የጎመን ዘርም የሱ ፍሬ ነው። ከሰናፍጭ ጋር ያለውን ዝምድና ጥሬ ቅጠሉን ብታኝኩት በምላሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይለበልባል።

ቆስጣ የጎመን ዘመድ አይደለም። የቀይ ሥር ወገን ነው። ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ እኔም አምታታው ነበር። ልዩነቱ ለጤና ትልቅ ነው። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ይህ ካልሲየምን ይይዝና ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርጋል፣ አንዳንድ ሰው ላይም ለኩላሊት ጠጠር ምክንያት ይሆናል። የጎመን ወገኖች ግን ኦክሳሌታቸው ትንሽ ነው። ስለዚህ ወተት በማንጠጣበት የጾም ወቅት ለካልሲየም ከቆስጣ ይልቅ ጎመን ይሻላል። የኩላሊት ጠጠር ወጥቶላችሁ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ቆስጣውን ቀነስ አድርጉት።

2ኛ፦ ስትገዙ "ከየት ነው?" በሉ

ድሮ እኛ ሰፈር ቀላል ነበር። አትክልት ተራ እዚሁ ፒያሳ ነበረ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ወደ ጃንሜዳ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። አሁን አራት ኪሎና ፒያሳ ያለን ሰዎች የምንገዛው ከአትክልት ቤትና ከጉሊት ነው።

ጥያቄው ለምን ያስፈልጋል? አዲስ አበባን የሚያቋርጡት ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። በወንዞቹ ዳር፣ ለምሳሌ መካኒሳ አካባቢ፣ ለረጅም ዘመን አትክልት ሲለማ ኖሯል። በዚህ ውሃ የሚጠጣ ቅጠል ሁለት ዓይነት ችግር ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ጀርምና የወስፋት እንቁላል ነው። ሌላው ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያለ መርዛማ ከባድ ብረት ነው። የመጀመሪያውን ማጠብና ማብሰል ያስወግደዋል። ሁለተኛውን ግን ተክሉ በሥሩ ስቦ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባው ብታጥቡትም አይለቅም።

እኔ ዘወትር የምገዛባቸው የጉሊት እናት "ከየት ነው የመጣው እማማ?" ስላቸው አይቆጡም። "ጥቅሉ ከአርሲ ነጌሌ ነው የኔ ልጅ፣ ቅጠሉ ግን ከዚሁ ነው" ይሉኛል። ጥቅል ጎመን ከሩቅ መምጣት ይችላል፣ መኪና ላይ አይጠወልግም። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚደርቅ ብዙውን ጊዜ ከቅርብ ይመጣል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ አትግዙ። ቦታውንም ዓይነቱንም ቀያይሩ። ግቢ ያላችሁ፣ ጥቂት የሀበሻ ጎመን በጆንያ አፈር ላይ ብትተክሉ ደግሞ ለቤተሰቡ ማዕድ ያግዛል።

ጥቅሉ በእጅ ሲመዘን ከበድ፣ ሲጫኑት ጠንከር ያለ ይሁን። ትንንሽ ቀዳዳ ያለበትን ቅጠል አትናቁ፤ ትል ነክቶታል ማለት ነው እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቢጫ የሆነውን ተዉት።

3ኛ፦ አጠባ

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ፤ በተለይ በጥሬው ለሰላጣ የሚቀርብ ከሆነ።

በመጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የጥቅሉን ውጫዊ ሁለት ሦስት ቅጠል አንሱና ጣሉ። ፀረ ተባይ የተረጨበትም፣ አፈርና እጅ የበዛበትም እሱ ነው። የሀበሻ ጎመን ከሆነ እስሩን ፍቱና አንድ በአንድ ቅጠሉን በሚፈስ ውሃ ፊትና ጀርባውን እሹት። እስሩን እንደታሰረ ነክሮ ማውጣት ማጠብ አይባልም። ቧንቧው የማይመጣበት ቀን ከሆነ በሳፋ ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀይሩ።

ከዚያ ጨው በገባበት ውሃ ትንሽ ይቆይ፤ በቅጠሉ መሐል የተደበቀው ትልና ክሽክሽ ይወጣል። አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጦ ለጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍም ጀርም ይቀንሳል። ይቀንሳል አልኩ እንጂ አያጠፋም። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ አቼቶ አይበግረውም። መጨረሻ ላይ በንጹሕ፣ መጠጥ በሚሆን ውሃ አለቅልቁ። በልብስ ወይም በዕቃ ሳሙና አትጠቡ፤ ቅጠሉ ይመጠዋል።

ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ልጅ ወይም በሕመም የተዳከመ ሰው ካለ ጥሬ ሰላጣውን ተዉትና አብስሉ። ውጭ ስትበሉም እንደዚያው። በያይነቱ ላይ የሚቀርብልኝን ጥሬ ሰላጣ እኔ እንዴት እንደታጠበ ካላወቅኩ አልነካውም። አሜባና ታይፎይድ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል።

4ኛ፦ ከትፋችሁ ትንሽ ጠብቁ

ይህን ባነበብኩ ጊዜ በጣም ነው የወደድኩት። የጎመን ወገኖችን ልዩ የሚያደርጋቸው ግሉኮሲኖሌት የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ሳይነካ ይህ ነገር ለብቻው ይቀመጣል፤ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ስንከትፈው ወይም ስናኝከው ሁለቱ ይገናኛሉ። የጎመን ሽታና መለብለብ የሚወለደው ያኔ ነው። ተመራማሪዎች ከካንሰር ጋር አያይዘው የሚያጠኑት ሰልፎራፌንም በዚሁ መንገድ ነው የሚፈጠረው።

ኢንዛይሙ ግን ሙቀት አይችልም። የተከተፈውን ወዲያው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁት ሥራውን ሳይጀምር ይሞታል። ስለዚህ ከተከተፈ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ፣ ጊዜ ካለ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሽንኩርቱን የምታቁላሉበት ጊዜ ለዚህ ይበቃል።

ሰናፍጭም ይኸው ኢንዛይም አለው። በበሰለ ብሮኮሊ ላይ የሰናፍጭ ዱቄት ሲነሰነስ ሰልፎራፌኑ እንደሚጨምር በምርምር ታይቷል። እናቶቻችን በጾም ማዕድ ላይ ሰናፍጭ አጠገብ ሲያስቀምጡ ይህን ዓይነት ጥቅም ጨምረው መስጠታቸው ነው፣ ሳያውቁት።

"ጎመን ካንሰር ያድናል" የሚሉትን ግን አትስሙ። የጎመን ወገኖችን አዘውትረው በሚበሉ ሰዎች ላይ አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ቀንሰው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። የታመመን ሰው ግን ጎመን አያድንም፤ ሕክምና የሚያስቆም ምክር አደገኛ ነው።

5ኛ፦ አበሳሰሉ

100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን 37 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው። አንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 75፣ ወንድ 90 ሚሊግራም ነው። ካሎሪው 25 ብቻ፣ አሰሩ 2.5 ግራም ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የምትፈልገው ፎሌትም አለበት፤ ቢሆንም በክትትል የሚሰጣትን የፎሊክ አሲድ ኪኒን አይተካም።

ችግሩ ቫይታሚን ሲና ፎሌት ውሃ ውስጥ የሚሟሙ መሆናቸው ነው። የሀበሻ ጎመንን በብዙ ውሃ ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውሃውን የምንደፋበት የተለመደ አሠራር አለ። እኔም ያደግሁት በሱ ነው። በዚያ አሠራር ከእነዚህ ብዙው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቫይታሚን ኬ ግን በስብ እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ለእናቴ የነበረው ትርጉም ይህ ነው፦ የሚጠቅማትን ደፍተን መድኃኒቷን የሚነካውን አስቀርተናል።

እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላላለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምራለሁ። ከትፌ ያቆየሁትን ጎመን ከእጥበቱ እርጥበት ጋር እከትበታለሁ። ድስቱን እከድናለሁ፣ እሳቱን አበርዳለሁ። በራሱ ውሃ ይበስላል። ጥቅል ከሆነ ከካሮትና ድንች ጋር እርድ ጣል አደርጋለሁ፤ ድንቹ ቀድሞ ይገባል፣ ጎመኑ መጨረሻ። ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር እንዳለ አወጣዋለሁ። ጨው የማደርገው ሲወርድ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ። ቃሪያ ከላይ።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አትተዉት። ቫይታሚን ኬና የካሮቱ ቀለም ያለ ስብ በደንብ አይመጠጡም። በአንጻሩ ሳይበዛ የበሰለ ጎመን ቫይታሚን ሲው ስለሚተርፍ በጤፍ እንጀራው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይይዙታልና ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ቡናው እየሸተተ መጠበቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደም ማነስ ላለባት ሴት ግን ልዩነት ያመጣል።

6ኛ፦ ሆድ ለሚነፋው

ጎመን ራፊኖዝ የሚባል ስኳር አለው። እኛ ይህን የሚፈጭ ኢንዛይም የለንም። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፣ ጋዙም ከዚያ ይመጣል። ሽሮና ምስርም ይኸው ስኳር አላቸው። ስለዚህ በጾም ማዕድ ላይ ጎመንና ሽሮ ሲደራረቡ ሆድ ቢጮህ አይገርምም።

መፍትሔው መተው አይደለም። ለሳምንት በቀን ሦስት አራት ማንኪያ የበሰለ ብቻ ብሉ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አንጀት ይለምዳል። ጥሬውን መጨረሻ ላይ ሞክሩ። ምሽት ላይ ከምትበሉ ምሳ ላይ ብሉ። አንጀታቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎች ልካቸውን ራሳቸው ያውቁታል። ንፋቱ ከክብደት መቀነስ ወይም ከደም ጋር ከመጣ ግን የጎመን ነገር አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስለ ጨጓራም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ለጨጓራ የጥቅል ጎመን ጭማቂ ይጠጣል። ነገሩ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1949 ጋርኔት ቼኒ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪም ቁስለት ላለባቸው 13 ሰዎች ትኩስ የጎመን ጭማቂ ሰጥቶ ቶሎ እንደዳኑ ጽፏል። ግን 13 ሰው ነው። ለጨጓራ ቁስለት ዋናው መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ እንደሆነ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። ባክቴሪያው በምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒት ይጠፋል። ጭማቂ እየጠጡ ዓመት መቆየት ቁስለቱን ማባስ ነው።

7ኛ፦ መድኃኒት የምትወስዱና ሕመም ያለባችሁ

ዋርፋሪን። ቁጥሮቹን እዩ። 100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን 76 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኬ አለው። አረንጓዴ ቅጠላማ የጎመን ዓይነቶች ወደ 400 ይጠጋሉ፣ ቆስጣ ከ800 ያልፋል። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን ከ90 እስከ 120 ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በመከልከል ነው። ስለዚህ ጎመን ድንገት ሲበዛ ደም ይወፍራል፣ የመርጋት አደጋ ይመጣል። ድንገት ሲቆም ደግሞ ደም ይቀጥናል፣ የመድማት አደጋ ይመጣል። ፋሲካ ሲፈታና ማዕዱ ወደ ሥጋ ሲዞር ሁለተኛው አደጋ ይከተላል ማለት ነው። ጎመንን እርም ማለት አያስፈልግም። በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው። መጾም የምትፈልጉ ከሆነ ከመግባቱ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። የኪኒኑን መጠን በራሳችሁ አትነካኩ።

እንቅርትና ታይሮይድ። ጎመን ሲፈጭ የሚወጡ አንዳንድ ነገሮች ታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ይሻሙታል። ይህ በ1928 እ.ኤ.አ. ጎመን እየበሉ እንቅርት ባወጡ የላቦራቶሪ ጥንቸሎች ነው የታወቀው። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጎመን ዘመድ የሆነውን የቻይና ጎመን በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ጥሬውን ለወራት የበሉ የ88 ዓመት እናት ታይሮይዳቸው ሥራ አቁሞ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል እንደገቡ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ልብ በሉ፣ ኪሎ ጥሬ ነው። አዮዲን በበቂ የሚያገኝ ሰው የበሰለ ጎመን በልኩ ቢበላ አያሠጋውም።

የእኛ ሥጋት አዮዲኑ ላይ ነው። የደጋው አፈር አዮዲን ያንሰዋል። ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ያስገድዳል፤ ግን አዮዲኑ በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት ይጠፋል። ስለዚህ አዮዲን ያለበት ተብሎ የታሸገውን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሲወርድ ጨምሩ። እንቅርት ያለበት ሰው ጥሬ ጎመንና ጭማቂውን ይተው። ለእሱ የድሮው ቅቅልና ጭምቅ ጎመን ይሻለዋል፤ የሚሻማው ነገር ብዙው ከውሃው ጋር ይደፋል። ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጥ።

ኩላሊት። ፖታስየም እንዲቀንሱ የተነገራቸው ሰዎች ቅጠል ሁሉ የተከለከለ ይመስላቸዋል። ጥቅል ጎመን በ100 ግራም 170 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ቆስጣ ከእጥፍ ይበልጣል። ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ምናልባት ጥቅሉ ይፈቀድላችሁ ይሆናል።

ሕፃናት። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ከዚያ በኋላ በደንብ የበሰለና የላመ ትንሽ ትንሽ። የልጅ ጎመን የዕለቱ ይሁን፣ ያደረ አትስጡ።

ለአዋቂ የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ክተቱ፣ በሦስት ቀን ጨርሱ። ያልተከተፈ ጥቅል ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል።

እናቴ ቤት አሁን ልኬቱ ሁለት ጭልፋ ነው፤ እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾም ሆነም አልሆነም። የቀረውን ቀን አልጫ ክክና ድንች ትበላለች። አይኤንአሯ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቦታው ተመለሰ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። አንዱን ቀጠሮ ለሐምሌ መጨረሻ፣ ሌላውን ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ አስይዘናል።